ቡና የሚቆላበት ቤትና ግራጫው በቀቀን

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣

ይህን የምጽፍልዎ ቅዳሜ ማታ ነው፤ እጄ አሁንም በረኪና በረኪና ይሸታል። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ለእናቴ ግራጫ በቀቀን ላመጣላት አስቤ እዚህ አካባቢ ላለ የወፎች መጠለያ አመለከትኩ። ሰዎች ማሳደግ አቅቷቸው የተዋቸውን በቀቀኖች ተቀብሎ የሚያኖር ቦታ ነው። ፎርሙን ሞላሁ፣ የሚከፈለውንም እከፍላለሁ አልኩ። የመጣልኝ መልስ ግን «መጀመሪያ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ በነፃ አገልግዪ፤ ከዚያ እናያለን» የሚል ነበር።

እሺ ብዬ ጀመርኩ። ቅዳሜ ያለችኝ አንዲት የዕረፍት ቀኔ ናት። ቅዝቃዜውን ሙሉ ኩስ የወረደበት ጋዜጣ እየጠቀለልኩ ጣልኩ፣ የውሃ ሳህን አጠብኩ፣ ጎመንና ስኳር ድንች ከተፍኩ። ወፍ እጄ ላይ እንዲቆም የፈቀዱልኝ ገና በቅርቡ ነው፤ እሱም ሰው አጠገቤ ቆሞ። ወፎቹን እየመዘንኩ ግራማቸውን እጽፋለሁ፤ ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም፣ «ጻፊ» ነው። ስትገቢ ጫማ ቀይሪ፣ ስትወጪ ልብስ ቀይሪ፣ ሌላ ቦታ ወፍ ነክተሽ ከሆነ ዛሬ አትግቢ። ልጅ በማደጎ የወሰደች ጓደኛዬ እንኳ እንዲህ አልተመላለሰችም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ቤቴን ልታይ አንዲት ሴት መጣች። የወፉ ቤት የት እንደሚቀመጥ ትጠይቀኛለች ስል መጥበሻዎቼን እየገለበጠች ታይ ጀመር። ስለ እንጀራ ምጣዱ፣ ስለ ሻማው፣ ስለ አየር ማሽተቻው ሁሉ ጠየቀችኝ። እማዬ እንደ ልማዷ ጠዋትና ከሰዓት ቡና ስለምታፈላ ከሰሉና ዕጣኑ ሳሎን ነበር፤ እሱንም ጽፋ ወሰደች። «እንነግርሻለን» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ዝም። አንጀቴ አረረ።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው። የመጣችው ልጆቼን ልትይዝልኝ ነበር፤ አሁን ልጆቹ ትምህርት ቤት ስለሚውሉ ቀኑን ሙሉ ብቻዋን ናት። እንግሊዝኛ አትችልም፣ መኪና አትነዳም። ያደገችው ወንዶ ገነት ስለሆነ ዛፍ ላይ ስለሚንጫጩት በቀቀኖች ስታወራ ፊቷ ይበራል። ቤት ውስጥ በአማርኛ የሚመልስላት ነገር ቢኖር ብዬ ነው። ግራጫው ከሁሉ የበለጠ ተናጋሪ ነው ይባላል።

አሁን ሜሪላንድ ያለ አንድ ሰው የ8 ሳምንት ግራጫ ጫጩት ከነቤቱ፣ ከነዱቄት ምግቡና ከነሲሪንጁ በ1,800 ዶላር እሸጥልሻለሁ ብሎኛል። «ራስሽ ካበላሽው የበለጠ ይለምድሻል» አለኝ። እስከ ረቡዕ ቀብድ ካልሰጠሁ ለሌላ ይሸጠዋል። መጠለያውን ትቼ ይህን ብገዛ ጥፋት አለው? ደግሞ አንድ ነገር፤ ሴትየዋ ስትወጣ እማዬ «ምን አለችሽ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። ወፉ ከመጣ ዕጣኑን መተው ሊኖርባት ነው መሰለኝ። እንዴት አድርጌ ነው የምነግራት?

ትዕግሥቴ ያለቀ፣ ከአሌክሳንድሪያ

*

እህቴ፣

ረቡዕ ቀብድ እንዳትሰጪ። ወደ ሻጩ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ከሻማውና ከመጥበሻው ጋር ደባልቀሽ ያለፍሽውን ዕጣን ላንሳው፤ የደብዳቤሽ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው።

ወፍ እንደ እኛ አይተነፍስም። ደረቱንና ሆዱን የሞሉት የአየር ከረጢቶች እንደ ወናፍ እየሠሩ አየሩን በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ይነዱታል፤ አየር ሲያስገባም ሲያስወጣም ሳንባው አዲስ አየር ያገኛል። ለመብረር የጠቀመው ይህ አፈጣጠር ጭስ ባለበት ቤት ይጎዳዋል፤ እኛን ዓይናችንን ብቻ የሚያቃጥለን ነገር እሱን ሊገድለው ይችላል። ግራጫ በቀቀን ቢመዝን ከ400 እስከ 500 ግራም ነው። በዚህ ገላ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ የሚቆላ ቡና ጭስ፣ የዕጣን ጭስና ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያርፍ አስቢው። በአንድ ቀን ላይሞት ይችላል፤ ክፋቱም ይኼ ነው። ወፍ በአውሬ እንዳይበላ ሕመሙን መደበቅ የለመደ ፍጥረት ነው። ጭራው ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ወይም አፉን ከፍቶ ሲተነፍስ ስታዪው በሽታው ብዙ ርቆ ሄዷል።

«ሌላ ክፍል አስቀምጠዋለሁ» ትዪኝ ይሆናል። የብዙ አሜሪካ ቤት ማሞቂያና ማቀዝቀዣ አየሩን በቱቦ ቤቱን ሁሉ ያዞረዋል፤ በር መዝጋት አያድነውም። ከሰሉን ግን ወፍ መጣም ቀረም ዛሬውኑ ከሳሎን አውጪው። መስኮቱ ጥርቅም ባለ ቤት ውስጥ ከሰል ለእናትሽም ለልጆችሽም አደጋ ነው። ዕጣኑን በኤሌክትሪክ ማጨሻ አድርጉት፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ደወልም ግዢ።

መጥበሻ የገለበጠችብሽ ሴት ሥራዋን የምታውቅ ናት። የምትፈልገው ምግብ እንዳያጣብቅ መጥበሻ የሚለበጥበትን ቴፍሎንን ነበር። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ የሚወጣው ጋዝ እናንተን ላይሸታችሁ ይችላል፣ ወፉ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። በእኛ ቤት ደግሞ ከመጥበሻው ይልቅ የሚያሰጋው የኤሌክትሪክ ምጣዱ ነው። ብዙዎቹ እንዳያጣብቁ ተብሎ ሽፋን ተደርጎባቸዋል፤ ሊጥ ሳይፈስበት እስከ መጨረሻ ተከፍቶ የተረሳ ምጣድ ደግሞ ምን ያህል እንደሚግል የጋገረ ሁሉ ያውቃል። ራሱን በከፍተኛ ሙቀት የሚያጸዳ ኦቨንም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ቅዳሜሽ። የሚያሠሩሽን ምክንያቱን ሳይነግሩሽ ማሠራታቸው ጥፋት ነው፤ በዚህ እውነት አለሽ። ሥራው ግን ጥፋት የለበትም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ግራም የምትጽፊው ላባ ክሳትን ስለሚሸፍን ነው። ወፍ ጠዋት ምግብ ሳይቀምስ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን ይመዘናል። 450 ግራም የነበረ ግራጫ 405 ከደረሰ ከሰውነቱ አንድ አሥረኛው ሄዷል ማለት ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። በዓይን ግን ያው ድቡልቡል ወፍ ነው የሚታይሽ።

ጠቅልለሽ የምትጥዪውንም ጋዜጣ ከመጠቅለልሽ በፊት እዪው። ጤነኛ ኩስ ሦስት ነገር አለው፤ አረንጓዴ ወይም ቡናማ የሆነው ጓል፣ ነጩ ክፍልና ዙሪያውን ያለው ውሃ። ነጩ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ከሄደ ጉበቱ ሊታመም ይችላል። አንዱ ምክንያት ሲታኮሲስ የሚባለው በሽታ ነው፤ ከበቀቀን ወደ ሰው ተላልፎ የሳንባ ምች ያስይዛል። ጫማና ልብስ የሚያስቀይሩሽ፣ አዲስ የመጣ ወፍም ከሌሎቹ ተለይቶ ከ30 እስከ 45 ቀን የሚቆየው እንዲህ ያለ በሽታ ከቤት ቤት እንዳይዞር ነው። ያ ልብስ ልጆችሽ ወዳሉበት ቤት የሚገባ ልብስ ነው፤ እዚህ ላይ ልትቆጪ አይገባም።

ስኳር ድንቹና ጎመኑ ለቫይታሚን ኤ ነው። ሱፍ ብቻ እየበላ የኖረ በቀቀን አፍንጫውና ሳንባው በኢንፌክሽን ይጎዳል፤ ግራጫው ደግሞ ካልሲየም ሲያንሰው ይንቀጠቀጣል፣ ከቆመበትም ይወድቃል። የእናትሽ ዓይነት ደግ እጅ የሚያቀብለው ሁሉ ግን አይሆነውም፦ አቮካዶ፣ ቸኮሌት፣ ሽንኩርት፣ ጨው የበዛበት ቆሎ። ከሲኒ የቀመሰው ቡናም ልቡን ይመታዋል። ወፍ እጅሽ ላይ እንዲቆም የዘገዩትም በምክንያት ነው፤ ያልለመደ ሰው ሲነከስ እጁን ይሰበስባል፣ ወፉም መንከስ ሰውን እንደሚያርቅ ይማራል። ሊነክስ ሲል የዓይኑ ብሌን ቶሎ ቶሎ ሲጠብና ሲሰፋ፣ ጭራው እንደ ማራገቢያ ሲዘረጋ፣ የማጅራቱ ላባ ሲቆም አስተውለሽ ከሆነ ቅዳሜዎችሽ ከንቱ አልቀሩም።

ሻጩ ግን አስቆጥቶኛል። ግራጫ ጫጩት ራሱን ችሎ መብላት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። የ8 ሳምንቱን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በሲሪንጅ የሚያበላው ማን ነው? አንቺ ሥራ ነሽ። እናትሽ ናቸው። ምግቡ ከ40 እስከ 41 ዲግሪ መሆን አለበት። ከ43 ካለፈ አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ያቃጥለዋል፤ ቁስሉ የሚወጣው ከቀናት በኋላ ቆዳው ተበስቶ ምግብ በውጭ ሲፈስ ነው። ከቀዘቀዘ ደግሞ ከረጢቱ ሥራ ያቆምና ምግቡ ውስጡ ይቦካል። በማይክሮዌቭ ካሞቃችሁት አንዱ ጎኑ ለብ ብሎ ሌላው ይፋጃል። ሲሪንጁ በተሳሳተ ጎን ከገባ ወይም ጫጩቱ ሳይውጥ ከተገፋ ወደ ሳንባው ይገባል። «ራስሽ ካበላሽው ይለምድሻል» የሚለው ሰው ከራሱ ላይ የሳምንታት ድካም አውርዶ 1,800 ዶላር እያስከፈለሽ ነው። የሚለምደው የሚታመን እጅ ያየ ወፍ ነው፤ ራሱን ችሎ በልቶ ከጨረሰ በኋላም ይለምዳል። ግራጫው ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ጥብቅ ዝርዝር ውስጥ ስለሆነ፣ ቢያንስ ከዱር አለመያዙን የሚያሳይ፣ እግሩ ላይ በጫጩትነቱ የሚገባ ድፍን ቀለበት አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረብሽ።

«አማርኛ የሚመልስላት» ያልሽው ጉዳይም አለ። ግራጫ ብዙውን ጊዜ መናገር የሚጀምረው ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፤ ጨርሶ የማይናገርም አለ፤ ከሰው ቃል ይልቅ የማይክሮዌቭ ጩኸት የሚይዝም አለ። አንድ ሰው መርጦ ሌላውን፣ ልጆችሽንም ጭምር፣ ሊነክስ ይችላል። ዕድሜው ደግሞ ከ40 እስከ 60 ዓመት ነው፤ እናትሽ 71 ናቸው። ኩሳቸውን የምትጠርጊላቸው ብዙዎቹ ወፎች መጠለያ የገቡት እንዲህ ሆኖ ነው፤ የወደዳቸው ሰው አረጀ፣ ሞተ፣ ቤት ቀየረ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አየሁት፤ እናትሽ «ወፍ አምጪልኝ» ያሉበት ቦታ የለም። ያሉት ስለ ወንዶ ገነት ነው። እዚያ የሚንጫጩት ግንባራቸው ቢጫ የሆነ፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የማይገኙ በቀቀኖች ናቸው፤ በመንጋ ከዛፍ ዛፍ እየበረሩ ይውላሉ። ቋንቋው በማይገባቸው አገር ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ተቀምጠው ሰዓታቸውን የሚቆጥሩት በጠዋቱና በከሰዓቱ ቡና ነው። ያልጠየቁትን ወፍ ለማምጣት ያላቸውን ዕጣን ልትነሺያቸው ነው? እኔ በዚህ አልስማማም። «ምንም» ያልሻቸውንም ዛሬ አስተካክዪው፦ «እማዬ፣ ሴትዮዋ ጭስ ለወፍ አይሆንም አለች፤ እኔም ወፉን ትቼዋለሁ፣ ቡናሽን አልነካብሽም» በያቸው። ከዚህ የረዘመ ንግግር አያስፈልግሽም።

ወፍ ማየት ይወዳሉና በውጭ በኩል መስኮታቸው ላይ የወፍ መመገቢያ ስቀዪላቸው። ጥቁሩን ሱፍ ሙዪበት፤ በእናንተ አካባቢ ቀዩ ካርዲናል በክረምት በብርዱም አይሄድም፣ ይመጣላቸዋል። መመገቢያው ከመስታወቱ ከ1 ሜትር ያነሰ ወይም ከ9 ሜትር የበለጠ ይራቅ፤ በመሐል ያለው ርቀት ወፎቹ በፍጥነት በርረው ከመስታወቱ ጋር የሚጋጩበት ነው። በየሁለት ሳምንቱ በ1 እጅ በረኪናና በ9 እጅ ውሃ እጠቢው፣ አለቅልቂው፣ ደርቆ ይሞላ። ዓይኑ ያበጠ ወይም የማይበር ወፍ ካያችሁ ለጥቂት ሳምንታት አውርዱት።

ሰኞ ለመጠለያው ጻፊ። ማመልከቻሽን እንዲያነሱት፣ ቅዳሜሽን ግን እንዲተዉልሽ፣ እናትሽም አብረውሽ እንዲመጡ ጠይቂ። ጎመን መክተፍ ቋንቋ አይፈልግም፤ ከሰው ተለይተው የገቡ በቀቀኖች አጠገባቸው ተቀምጦ በለሆሳስ የሚያወራላቸው ሰው ይፈልጋሉ፣ አማርኛም ይሆናቸዋል። የግራጫ ላባ ዱቄት ስላለው ማስክ ያድርጉ፤ ሳል ከጀመራቸው ለሐኪማቸው ከወፍ ጋር እንደሚውሉ ይንገሩት። ዕጣን የታጠነ ነጠላቸውን ግን እቤት ትተው፣ የታጠበ ልብስ ለብሰው ይምጡ።