ረቂቄን ይዤ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ሥነ ጽሑፍ ምሽቶችና ስለ ጸሐፍት ዎርክሾፖች የሚጠይቁ ናቸው። ለዓመታት የሰው ረቂቅ ሳርምና እንዲህ ያሉ ዎርክሾፖችን ስመራ ስለኖርኩ ጥያቄዎቹ ልቤ ድረስ ነው የገቡት። ለአራቱ እነሆ መልስ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ድርሰት ሳርም ኖሬ አሁን የራሴን ትዝታ መጻፍ ጀምሬያለሁ። በአቅራቢያዬ አንድ ዎርክሾፕ ሊከፈት ነው። ማስታወቂያው «በየትኛውም ደረጃ ላይ ላሉ ጸሐፍት» ይላል። ወጣቶች መሃል ገብቼ እንዳልሸማቀቅ ፈራሁ። ልሂድ?

መልስ፦ መምህር፣ ይሂዱ እንጂ! ከመመዝገብዎ በፊት ግን አዘጋጆቹን ያነጋግሯቸው። «በየትኛውም ደረጃ» የሚባለው ዎርክሾፕ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው አሠልጣኙ መልመጃ ይሰጣል፤ ሁሉም እዚያው ቁጭ ብሎ ይጽፋል። «ያደጉበትን ቤት በር ብቻ ይግለጹ» ይባላሉ፤ 20 ደቂቃ ይሰጥዎታል። እዚህ ጋ ጀማሪና አንጋፋ የሚባል ነገር የለም። በሁለተኛው ተሳታፊዎች ረቂቃቸውን አስቀድመው ይልካሉ፤ ሌላው አንብቦ ይመጣል፤ ውይይቱም በዚያ ላይ ነው። ለእርስዎ ትዝታ ውሎ አድሮ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ቢጀምሩ ግን ሰዉንም ራስዎንም ይለምዳሉ።

የሰዉን ብዛትም ይጠይቁ። በሁለት ሰዓት የ12 ሰው ረቂቅ እናያለን የሚሉ ከሆነ ለአንዱ 10 ደቂቃ ነው የሚደርሰው። በ10 ደቂቃ ስለ አንድ ሰው ሕይወት ምን ይባላል? ስድስት ሰባት ሰው ሲሆን ደህና ውይይት ይኖራል።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የእርማት ልማድዎን ለጊዜው ያቆዩት። የወጣቱ ረቂቅ ላይ የፊደል ግድፈት ሲያዩ እጅዎን ይበላዎት ይሆናል። ከእርስዎ የሚፈለገው ግን የቱ ጋ ልብዎ እንደተነካ፣ የቱ ጋ እንደሰለቸዎት እንዲነግሩት ነው። ፊደሉ በኋላ ይደረስበታል።

ጥያቄ፦ አጭር ልብ ወለዴን ይዤ ዎርክሾፕ ገባሁ። ሕጉ ጸሐፊው አይናገርም ስለሚል ግማሽ ሰዓት አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። አንዷ መጨረሻው አይታመንም አለች። ሌላው ከመጨረሻው በቀር የወደድኩት የለም አለ። አንድ ሰውዬ ደግሞ «ይሄ ታሪክ አይደለም» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ መጻፍ አቃተኝ። ችግሩ የኔ ነው ወይስ የእነሱ?

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን የወረወረው ሰውዬ አጥፍቷል። እሱን ዝም ብሎ ያየው አወያይም አጥፍቷል። «ይሄ ታሪክ አይደለም» ሂስ አይባልም። የትኛው ገጽ? የትኛው አንቀጽ? ለምን? አንዱንም አይነግርሽም። ስለዚህ ከማስታወሻሽ ሰርዢው። የሌሎቹን ግን እንዳትሰርዢ፣ እመለስበታለሁ።

ጸሐፊው ዝም ይበል የሚለው ሕግ የቆየ ነው። ሲነሳ አብሮ የሚነሳው እ.ኤ.አ. በ1936 የተመሠረተው የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የጸሐፍት ዎርክሾፕ ነው፤ ሌሎች ብዙዎችም ተከትለውታል። ቁም ነገር አለው። መጽሐፍሽ ታትሞ ሲወጣ አንባቢው አጠገብ ቆመሽ «እንዲህ ለማለት ፈልጌ እኮ ነው» ልትዪው አትችዪም። ዝምታው ለዚያ ያዘጋጅሻል። ጉዳትም አለው። አንድ ቃል ብትተነፍሺ የሚፈታ ነገር ላይ ሰዎቹ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ጀማሪን ደግሞ ከመጠን በላይ ይጫነዋል። ስለዚህ እኔ አሁን አሁን በሌላ መንገድ ነው የምመራው።

አሜሪካዊቷ የዳንስ አቀናባሪ (ኮሪዮግራፈር) ሊዝ ለርማን እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ የቀረጸችው ባለ አራት ደረጃ ሥርዓት አለ። ከዳንስ ዓለም ቢወጣም ለጽሑፍ ሸጋ ነው። መጀመሪያ አድማጮቹ የነካቸውን፣ የገረማቸውን፣ ከአእምሯቸው ያልወጣውን ይናገራሉ። ቀጥሎ ጸሐፊዋ ትጠይቃቸዋለች። ከዚያ ተራው የእነሱ ነው፤ ጥያቄያቸው ግን ወቀሳ የተሸሸገበት መሆን የለበትም። «መጨረሻውን ለምን እንዲህ አንዛዛሽው?» አይባልም። «መጨረሻው ላይ አንባቢው ምን እንዲሰማው ፈለግሽ?» ይባላል። አስተያየት የሚመጣው በአራተኛው ደረጃ ነው፤ እሱም ተፈቅዶ። «ስለ መጨረሻው የምለው አለኝ፤ ልንገርሽ?» ይሉሻል። አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው። ይህን ሥርዓት ለዎርክሾፕሽ አዘጋጆች ብታቀርቢላቸው መልካም ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ አስተያየቶች። የተቃረኑ ይመስላሉ። ግን ሁለቱም ያረፉት መጨረሻው ላይ ነው። አንባቢ የሚያመው የቱ ጋ እንደሆነ አይስትም፤ መድኃኒቱን ሲያዝ ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። በአንድ ወቅት እኔ ጋ የመጣች ጸሐፊ የአባቷን ቤት ስለምትሸጥ ሴት ጽፋ ነበር። አንዱ «ወንድምየውን አውጪው» አላት። ሌላዋ «ወንድምየውን ጨምሪው» አለቻት። ልጅቷ ግራ ገባት። አብረን ስናየው ወንድምየው የሚመጣው ዘጠነኛው ገጽ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ስሙ እንኳን አልተነሳም። ሁለቱንም ያደናቀፋቸው እሱ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፤ ሴትየዋ ስትገባ በሩ ሥር የወንድሟን የድሮ ጫማ ታያለች። በሚቀጥለው ንባብ ስለ ወንድምየው ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

ያንቺም መጨረሻ አይታመንም የተባለው ከፊቱ የጎደለ ነገር ስላለ ሊሆን ይችላል። ገጸ ባሕርይሽን ወደዚያ መጨረሻ የሚያደርሳት ነገር መሃል ላይ አለ? እሱን ፈልጊ። ሳትቸኩዪ፣ ሳምንት ያህል አሳድረሽው። ተመልሰሽ ስትሄጂ ደግሞ ሁለት ጥያቄ ጽፈሽ ያዢ። «እንዴት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። «መጨረሻው እንዲህ ይሆናል ብላችሁ የጠረጠራችሁት የቱ ጋ ስትደርሱ ነው?» በያቸው። የጠራ ጥያቄ ከተጠየቀ ወረቀት ወርዋሪውም እንኳን ወደ ገጹ መመለሱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ልብ ወለዴን ለማላውቃቸው ሰዎች ባነብ ሐሳቤን ቢሰርቁኝስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቅጂ መብት የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን ሐሳቡ የተጻፈበትን መንገድ ነው። «የበርን ስምምነት» የሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል በሚሠራባቸው አገሮች ይህ መብት ያለ ምዝገባ፣ ሥራው ሲፈጠር ይገኛል። ረቂቆችህን ከነቀናቸው አስቀምጥ፤ ለራስህም በኢሜይል ላክ። እኔን የሚያሳስበኝ ፋይሉ ነው። ቴሌግራም ላይ አንዴ ከተለቀቀ መመለሻ የለውም። ውይይቱ ሳይጀመር «ረቂቅ ከዚህ ግሩፕ አይወጣም» ተባባሉ። ይህን የማይስማማ ቡድን ከሆነ አትግባ።

ጥያቄ፦ በሥነ ጽሑፍ ምሽት ክፍት መድረክ ላይ ላነብ ተመዝግቤያለሁ። የተሰጠኝ 5 ደቂቃ ነው። ግጥሜን በቃሌ ልወጣው ወይስ ከወረቀት ላንብብ? እጄ በጣም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከወረቀት አንብብ። በትልቅ ፊደል አሳትመው። ወረቀቱን ጠንካራ ደብተር ላይ አድርገህ ያዘው፤ መንቀጥቀጡ አይታይም። ስልክ ላይ አታንብብ፤ ስክሪኑ መሃል ላይ ይጠፋብሃል።

ስለ ሰዓት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ማርክ ስሚዝ ቺካጎ ውስጥ ያስጀመረውን የግጥም ስላም፣ ማለትም ገጣሚዎች መድረክ ላይ ነጥብ እየተሰጣቸው የሚወዳደሩበትን ዝግጅት አስብ። በተለመደው ሕጉ ለአንድ ግጥም የሚሰጠው 3 ደቂቃ ነው። ሰዓት ያሳለፈ ነጥብ ይቀነስበታል። ለጆሮ 3 ደቂቃ ብዙ ነው። አንተም ለ4 ደቂቃ ተዘጋጅ። ጮክ ብለህ እያነበብክ በስልክህ ለካው፤ በዓይን ማንበብ ያታልላል። ምላስ የሚያደናቅፍ ስንኝ ካገኘህ ወይ አስተካክለው ወይ ሌላ ግጥም ምረጥ።

መድረክ ላይ ግጥሙን አታብራራ። «ብዙም አልተዘጋጀሁም» አትበል። ርዕሱን ተናገር፣ ትንፋሽ ውሰድ፣ ጀምር። ጨርሰህ ስትወርድ ደግሞ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለህ ስማ። የራሱን አንብቦ ወዲያው የሚወጣ ገጣሚ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከእሱ በኋላ የሚያነቡትም አድማጭ ይፈልጋሉ። የወደድከው ግጥም ካለ ሲያልቅ ሄደህ ለጸሐፊው ንገረው፤ የትኛው ስንኝ እንደሆነም ጥቀስለት።