ፕላኔቶችን ከበረንዳ መለየት፦ ለአንባቢዎቻችን ጥያቄዎች መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በረንዳችን ወደ ምዕራብ ያያል። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ፀሐይ እንደጠለቀች አንድ በጣም ደማቅ ኮከብ ይታየኛል። ጎረቤቴ ሳተላይት ነው ይላል፤ እኔ ፕላኔት ይመስለኛል። በምን ልለየው?

መልስ፦ በየምሽቱ እዚያው አካባቢ ቆሞ የሚታይ ከሆነ እርስዎ ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም። በተለምዶ በዐይን የምናያቸው ሳተላይቶች እያየናቸው ነው የሚጓዙት፤ ሰማዩን ለማቋረጥ ጥቂት ደቂቃ ይበቃቸዋል። ይልቅ የሚያሳስተው ወደ ቦሌ የሚያርፍ አውሮፕላን መብራት ነው፤ ፊት ለፊት ሲመጣ አንድ ሁለት ደቂቃ የቆመ ይመስላል።

ቀጥሎ ብልጭ ድርግም ማለት አለማለቱን ይመልከቱ። ኮከብ ከርቀቱ የተነሳ ነጥብ ብቻ ስለሆነ አየሩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብርሃኑ ይርገበገባል፤ ፕላኔት ግን ትንሽም ብትሆን ክብ ስፋት ስላላት ብርሃኗ ይረጋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከአድማስ አጠገብ ሲፈትን ነው፤ እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ፕላኔትም ይርገበገባል። ክንድዎን ዘርግተው ጡጫዎን ይጨብጡ፤ የጡጫው ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ከአድማስ ሁለት ጡጫ ከፍ ያለውን ብቻ ይፍረዱ።

በዚያው ጡጫ ፀሐይ ከገባችበት ቦታ እስከ ኮከቡ ይቁጠሩ። ቬነስ ከፀሐይ ከ47 ዲግሪ በላይ ስለማትርቅ አምስት ጡጫ አትሞላም፤ እኩለ ሌሊት ላይም አዲስ አበባ ሰማይ ላይ አትገኝም። ከዚያ የራቀ ደማቅ ብርሃን ምናልባት ጁፒተር ነው። ቬነስ ለወራት በምሽት ከታየች በኋላ ለጥቂት ቀናት ትጠፋና ንጋት ላይ በምሥራቅ ብቅ ትላለች። አያቶቻችን የአጥቢያ ኮከብ የሚሏት እርሷን ነው።

አንድ ሌላ መለያ አለ፤ ለአዲስ አበባ ሰው በጣም ይጠቅማል። ፕላኔቶች ሁሉ ፀሐይና ጨረቃ የሚሄዱበትን መንገድ ተከትለው ነው የሚጓዙት፤ ይህ መንገድ ደግሞ በእኛ ሰማይ ከፍ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ደቡብ ወይም ወደ ሰሜን ዞረው፣ ከአድማስ ከአምስት ጡጫ በታች የሚያዩት ደማቅ ብርሃን ፕላኔት ሊሆን አይችልም። የመንገድ መብራት እንዳይከለክልዎ አይስጉ፤ ቬነስና ጁፒተር ከከተማ መሀልም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ጥያቄ፦ 10 በ50 ባይኖኩላር ገዝቼ ጁፒተርን አየሁ፤ ጨረቃዎቹ ግን አልታዩኝም። ምስሉም ይንቀጠቀጣል። ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ዕቃውን ከመመለስዎ በፊት እጅዎን ያሳርፉ። አሥር ጊዜ የሚያቀርብ መነጽር የእጅዎንም መንቀጥቀጥ አሥር ጊዜ ያጎላዋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው የወለል መወልወያውን ከፊትዎ ያቁሙ፣ ጨርቁን ወደ ላይ ያድርጉና ባይኖኩላሩን እላዩ ላይ ያስደግፉ። ልዩነቱ ወዲያው ይታያል።

ከዚያ ምስሉን ጥርት ያድርጉ። ቀኝ ዐይንዎን ጨፍነው በመሀለኛው ጎማ የግራውን ያስተካክሉ፤ ቀጥሎ ግራውን ጨፍነው የቀኙን ዐይን ቀለበት ብቻ ያዙሩ። ጁፒተር እሾህ ያበቀለ ከመሰለዎት ገና አልጠራም፤ ሲጠራ ትንሽ ክብ ነው። አራቱ ትልልቅ ጨረቃዎቹ በግራና በቀኙ በአንድ መስመር የተደረደሩ ደቃቅ ነጥቦች ናቸው። የጁፒተር ብርሃን ከዋጣቸው ሰማዩ ጨርሶ ሳይጨልም ይሞክሩ፤ ወይም ፕላኔቱን በምሰሶ ጠርዝ ይከልሉት። አራቱም ሁልጊዜ አይታዩም፤ አንዱ ከፊቱ ወይም ከኋላው ሊሆን ይችላል። የሚያዩትን ወረቀት ላይ በነጥብ ይሳሉና በማግስቱ ያነጻጽሩ፦ ከአራቱ ጨረቃዎች አንዷ፣ አዮ፣ አንድ ዙር የምትጨርሰው በ42 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ቦታዋን ለውጣ ታገኟታላችሁ። ጋሊሊዮም በ1610 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንኑ ነው።

ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ የሚንተከተክ ከሆነ ጥፋቱ የአየሩ ነው። ቀን የጋለ ቆርቆሮ ጣሪያ ምሽቱን ሙቀት ይተፋል፤ ፕላኔቱ ከጣሪያው በላይ ከፍ እስኪል ይጠብቁ። በተዘጋ መስኮት መስታወትም አይመልከቱ። የሳተርንን ቀለበት በዚህ መነጽር አይጠብቁ፤ ቢያንስ 25 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ ይፈልጋል።

አደራ፦ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ሳትጠልቅ ባይኖኩላር ወደዚያ አታዙሩ። ለቅጽበትም ቢሆን ዐይን ያጠፋል።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ነው የምኖረው። አገር ቤት አናት ላይ የማውቀው ጁፒተር እዚህ አንዳንድ ዓመት ዛፍ አይሻገርም። ለምን?

መልስ፦ ወደ ሰሜን በራቁ ቁጥር የፀሐይ መንገድ ወደ ደቡብ ያዘነብላል። ጁፒተር የመንገዱ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ባለበት ዓመት እርስዎ ዘንድ አንድ ጡጫ እንኳ አይሞላም። የካቲት 2019 ግን ይመቻል፦ ጁፒተርና ማርስ ሬጉለስ ከተባለው ኮከብ አጠገብ ሆነው ፀሐይ ስትጠልቅ በምሥራቅ ይወጣሉ። እርስዎ ጋ ጁፒተር አራት ጡጫ ተኩል ያህል ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ አናት አጠገብ ያልፋል። ቀላ ያለው ማርስ ነው።

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ ያለው የኮከብ መተግበሪያ የተሳሳተ አቅጣጫ ያሳየኛል።

መልስ፦ ከበረንዳው የብረት መደገፊያና ከመኪና ይራቁ፤ ማግኔት ያለውን የስልክ ሽፋን ያውልቁ፤ ስልኩን በአየር ላይ የ8 ቁጥር እየሠሩ ጥቂት ጊዜ ያዙሩት። ካልተስተካከለ ጨረቃን አግኝተው ምስሉን በጣትዎ ጎትተው ከእርሷ ጋር ያግጥሙት።