የሥዕል ኅትመት በኢንተርኔት ለመሸጥ ላሰባችሁ

ለወሎ ወጣት ሠዓሊዎች፤

የሥዕላችሁን ኅትመት በኢንተርኔት ገበያ ብትሸጡ ያዋጣችሁ እንደሆነ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ገዢውን ራሱ ፈልጎ ለሚያመጣ ያዋጣል። ሥዕሉን ጭኖ ገዢ ለሚጠብቅ ግን አያዋጣም። ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተጫነው ሥዕል ስፍር ቁጥር የለውም፤ የደሴውን ተራራ ጦሳን የማያውቅ ሰው የጦሳን ሥዕል ብሎ አይፈልግም።

እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ኤትሲ ላይ አንድ ኅትመት፣ መላኪያው ተካቶ፣ በ25 ዶላር ተሸጠ እንበል። ለመለጠፍ 20 ሳንቲም ይከፈላል፤ እሱም ለ4 ወር ብቻ ነው፤ ባይሸጥም አይመለስም። ሲሸጥ 6.5 በመቶ፣ ማለትም 1 ዶላር ከ63 ሳንቲም ይቆረጣል። ሱቁ አሜሪካ የተከፈተ ከሆነ ለክፍያ ማስተናገጃ 3 በመቶና 25 ሳንቲም፣ በጠቅላላው 1 ዶላር ይሄዳል። ማተሚያና መላኪያው 12 ዶላር ቢፈጅ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 10 ዶላር ገደማ ነው። ገዢው ኤትሲ ሌላ ቦታ ባስነገረው ማስታወቂያ ከመጣ ደግሞ ከትንሽ ሱቅ 15 በመቶ ይወሰዳል፤ ትርፉ ወደ 6 ዶላር ከ40 ይወርዳል። ትንሽ ሱቅ ይህን ማስታወቂያ መዝጋት ይችላልና ስትጀምሩ ዝጉት።

ፋይን አርት አሜሪካ የሚባለው የኅትመት መሸጫ ድረ ገጽ አሠራሩ ሌላ ነው። የማተሚያውን ዋጋ እነሱ ይተምናሉ፤ በላዩ የራሳችሁን ትርፍ እናንተ ትጨምራላችሁ። ማተሙም መላኩም የእነሱ ስለሆነ ከደሴ የሚሄደው ፋይል ብቻ ነው። ለእኛ ትልቁ ጥቅም ይኸው ይመስለኛል።

ገዢያችሁ ማነው ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ የአገራችሁ ልጅ ነው። ውጭ የሚኖር የሐይቅ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ያደገበትን ቦታ ሳሎኑ ውስጥ መስቀል ይፈልጋል። ላሊበላን አይቶ የተመለሰ እንግዳም እንዲሁ። እነዚህን በቴሌግራምና በፌስቡክ እናንተው ፈልጉ፤ አድራሻቸውን መዝግቡ።

ፋይሉ ላይ አትቸኩሉ። አንዲት ልጅ የባቲን የሰኞ ገበያ ስላ በስልክ አንስታ አሳየችኝ። ሥዕሉ ልብ ይነካል፤ ፎቶው ግን በአምፖል ብርሃን ስለተነሳ ነጩ ነጠላ ቢጫ ሆኗል፣ የሸራው የላይኛው ጠርዝም ጠቧል። ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው መስኮት አጠገብ ሸራውን ቀጥ አድርገን አቁመን፣ ካሜራውን መሐሉ ትክክል ላይ አድርገን ደግመን አነሳነው። ነጠላው ነጭ ሆነ፤ የግመሎቹ ቀለምም ከአቧራው ተለየ። ለኤ3 ወረቀት ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 3508 በ4961 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ከዚያ በጣም ካነሰ ይደበዝዛል።

ከሁሉ በፊት ግን ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚደርሳችሁ አጣሩ። ኤትሲ ሱቅ የሚያስከፍተው የክፍያ ሥርዓቱ በሚሠራባቸው አገሮች ላሉ ብቻ ነው። ውጭ ባለ ዘመድ ስም ለመክፈት ካሰባችሁ፣ ሱቁ በዘመዳችሁ ስም የተመዘገበ ነው፤ የግብሩ ጥያቄም ወደ እሱ ይሄዳል። ወንድማችሁም ቢሆን ማን ስንት እንደሚወስድና ገንዘቡ መቼ እንደሚላክ በጽሑፍ ተስማሙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብቱ የሠዓሊው ነው፤ በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቅለታል። ይህም ወረቀቱ ላይ ይስፈር፤ ፋይሉን የምትልኩት ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ ይሁን።