በዘጋቢ ፊልም ላይ አጃቢ ተዋናይ እንድትሆን ለተጠየቀች የታሪክ ተማሪ

ጥያቄሽ በአጭሩ የሚከተለው ነው። በጎንደር የታሪክና ቅርስ አስተዳደር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ በቀበሌሽ የአማተር ቴአትር ክበብም ትሳተፊያለሽ። ስለ ደጃች ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አነሣሥ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የጉር አምባን ጦርነት በተዋንያን ለማሳየት ክበባችሁን ጋብዘዋል። ለአንቺ የደረሰሽ በጦር ሰፈሩ ከሚታዩት ሴቶች የአንዷ፣ አንድም ቃል የሌለው ቦታ በመሆኑ ቅር ብሎሻል፤ ሥራው ለትወና ሙያ መንገድ ይከፍት እንደሆነም ጠይቀሻል።

ግቢበት እላለሁ፤ ነገር ግን ትወናን ተስፋ አድርገሽ አይሁን። በመድረክ ላይ ታሪኩን የሚሸከመው የተዋናዩ ቃል ነው። በዘጋቢ ፊልም ግን ተራኪውና የታሪክ ምሁራኑ ይናገራሉ፣ ተዋናዩም ለንግግራቸው ምስል ይሆናል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውለሽ የተቀረጽሽው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ሊታይ፣ ጭራሽም ተቆርጦ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ትወናን ሙያሽ ማድረግ የምትፈልጊ ከሆነ ንግግርና ገጸ ባሕርይ የምታገኚበትን የክበባችሁን ሥራ በዚህ ምክንያት አታቋርጪ።

የአንቺ ዕድል ያለው በምትማሪው ትምህርት በኩል ነው። የካሳ ባላጋራ የነበሩት ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ የወደቁበት የጉር አምባ ጦርነት የተደረገው በኅዳር 1845 ዓ.ም. ሲሆን፣ ካሜራው የሚቆመው ግን በዛሬው የጎንደር አካባቢ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስለሆነ፣ ከተዋጊዎቹ ጀርባ የባሕር ዛፍ ተክል ከታየ ታሪክ የሚያውቅ ተመልካች ፊልሙን ማመን ያቆማል፤ የቆርቆሮ ጣሪያም እንዲሁ ነው። በሰፈሩ ውስጥ ጀበና ጥዶ ቡና ማፍላት ለዛሬ ዐይን ያማረ ቢመስልም፣ በዚያን ጊዜ አብዛኛው የሰሜን ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይርቀው ስለነበር፣ ከካሳ ጦር ጋር በዘመቱ ክርስቲያን ሴቶች እጅ ባይታይ ይሻላል። የእጅ ሰዓት፣ የጥፍር ቀለምና የፋብሪካ ጥለት ያለው ነጠላም በቀረጻ ጥድፊያ መካከል በቀላሉ የሚዘነጉ ናቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ቀድሞ የሚያይ ሰው ለአዘጋጆች እጅግ ያስፈልጋቸዋል፤ የታሪክ አማካሪነት፣ የአልባሳትና የቁሳቁስ ዝግጅት የሚባሉት ሥራዎችም ከዚሁ ይጀምራሉ።

ቦታሽን ማሳነስሽ ግን ትክክል አይመስለኝም። የዚያ ዘመን ጦር የሚንቀሳቀሰው ስንቅ በሚሸከሙ፣ እህል በሚፈጩ፣ እንጀራ በሚጋግሩ፣ ውሃና እንጨት በሚያመላልሱ ሴቶች ድካም ነበር፤ የነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች ግን ስማቸውን እምብዛም አያነሡም። አንዲቱን በትክክል ማሳየት ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ሥራ ነው። ከቀረጻው በፊት በድንጋይ ወፍጮ ፈጭተው ያደጉ እናት ፈልገሽ፣ ስትፈጪ ጉልበትሽና ወገብሽ እንዴት እንደሚሆን፣ መጁ እንዴት እንደሚያዝ ከእሳቸው ተማሪ፤ ወፍጮ የማያውቅ እጅ ካሜራ ፊት ወዲያው ያስታውቃል።

የሚሰጡሽን ወረቀት ሳታነቢ አትፈርሚ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች፣ ማለትም እንደ ተዋንያን ላሉ ባለሙያዎች፣ ጥበቃ ያደርጋል፤ ሆኖም በፊርማሽ ብዙ ነገር ልትፈቅጂ ስለምትችዪ፣ ምስልሽ ከዚህ ፊልም ውጭ ለማስታወቂያ ይውል እንደሆነ ጠይቂ። የቀን ክፍያው፣ ምግብና መጓጓዣው፣ ፈረስና ጎራዴ ባለበት ቀረጻ ጉዳት ቢደርስ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይስፈር። የቀረጻው ቀናት ከማጠቃለያ ፈተናሽ ጋር የሚጋጩ ከሆነ ፈተናሽን አስቀድሚ።

አሁኑኑ ልታደርጊ የሚገባሽ፣ ልብስ ከመለካቱ በፊት ለዳይሬክተሩ አንድ ገጽ ማስታወሻ ማቅረብ ነው፤ በዘመኑ የነበረውንና ያልነበረውን ከነምንጩ ጻፊበት፣ በትርፍ ሰዓትሽም የአልባሳት ክፍሉን ለማገዝ ፈቃድ ጠይቂ። ከፈቀዱልሽ በሲቪሽ ላይ «ተዋናይ» ብለሽ ብቻ አታልፊ፤ በየትኛው ትዕይንት ምን እንዳጣራሽ ግለጪ፣ ሥራው ሲያልቅም ይህን የሚመሰክር ደብዳቤ ከአዘጋጆቹ ተቀበዪ።