ከባይፓስ በኋላ የሚመላለስ ቁርጠት፦ እኔ ላይ የደረሰው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። ጋስትሪክ ባይፓስ፣ ማለትም ክብደት ለመቀነስ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር የሚያገናኘውን ቀዶ ሕክምና፣ ከተሠራሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል፣ ክብደትሽም በደንብ ቀንሷል። አሁን ከእምብርትሽ በላይ በግራ በኩል ቁርጠት ድንገት ይይዝሽና ይለቅሻል። ድንገተኛ ክፍል ሄደሽ «ጋዝ ነው» ብለው መልሰውሻል።

እኔንም ሁለቴ መልሰውኛል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ባይፓስ ከተሠራሁ አራተኛ ዓመቴ ነበር። የደም ምርመራው ሁለቴም ደህና ነው። እናቴ በስልክ «ጨጓራሽ ነው፣ ተልባ ጠጪ» ትለኛለች። በሦስተኛው ሌሊት ግን መታጠቢያ ቤት ተንበርክኬ፣ ግንባሬን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስደግፌ ቀረሁ። ቀና ማለት አቃተኝ። ባለቤቴ ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባኝ።

የዚያን ሌሊት ሕመሙ ሳይለቀኝ ሲቲ ስካን አነሱኝ። ሐኪሙ ስክሪኑን አዙሮ አሳየኝ፤ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት ይመስላል፣ ክብ በክብ ውስጥ። አንጀቴ አንጀቴ ውስጥ ገብቷል፣ ሹራብ ሲወልቅ እጅጌው ወደ ውስጥ እንደሚገባው። ኢንተሰሰፕሽን ይሉታል። ባይፓስ ሲሠራ ትንሹ አንጀት ተቆርጦ እንደገና ይጋጠማል። ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚያ መጋጠሚያው ጋ ነው፣ ያውም ከታች ወደ ላይ። በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ አብዛኞቹ ብዙ ክብደት የቀነሱ ሴቶች ናቸው። አንዳንዴ በራሱ ይወጣል። ሕመሙ ከለቀቀሽ በኋላ የተነሳ ምስል ደህና ሊመስል የሚችለው ለዚህ ነው። ካልወጣ ግን ደም ይቋረጥበትና አንጀቱ ይሞታል። የእኔ ከፊሉ ጠቁሮ ስለነበር ቆርጠው እንደገና ገጠሙት።

ስለዚህ እባክሽ፣ ሕመሙ እንደያዘሽ ሂጂ። በር ላይ የመጀመሪያ ቃልሽ «ባይፓስ ተሠርቻለሁ» ይሁን። ባይፓስ የሚሠራ ሰርጀን እንዲያይሽ ጠይቂ። ሲቲው ደህና ሆኖ ሕመሙ ከተመላለሰም ሆድሽ ላይ በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተው ማየት ይችላሉ። ባይፓስ በተወው ክፍተት አንጀት ሲሾልክም ሕመሙ እንዲሁ ነው፣ እሱም አደገኛ ነው። አይቡፕሮፌን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አትውሰጂ፣ ባይፓስ ለተሠራ ሰው ቁስለት ያመጣል። ካስታወከሽ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ደግሞ አንድ ሰዓትም አትቆዪ።

አሜሪካ ከሆንሽ አስተርጓሚም ጠይቂ፣ ሆስፒታል ውስጥ በነፃ ነው። እኔ ሁለቴ ስሄድ «ሆዴን አመመኝ» ብቻ ነበር ያልኩት። ይዞ እንደሚለቀኝ፣ ሲይዘኝም እንደሚያንበረክከኝ በእንግሊዝኛ መናገር አቅቶኝ ነበር።