መጋረጃዋን ተማሪ ያደረግናት ቀን

ልጆቼ፣ አራት ኪሎ ስንት ዓመት እንዳስተማርኩ ብነግራችሁ ዕድሜዬ ስለሚታወቅ ይቅርብኝ። በቀደም ከእናንተ አንዷ መጥታ «ጋሼ፣ ሽታ የተማሪን ትኩረት ይለውጥ እንደሆነ በቪዲዮ ልለካ ነው» አለችኝ። ሐሳቧን ወደድኩት። እኔም ድሮ ሞክሬ አበላሽቼዋለሁ። የነገርኳትን ለእናንተም ልጻፈው።

ዘዴው ከባድ አይደለም። ካሜራ ከተማሪዎቹ ፊት ይቆማል። ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን አንድ ፎቶ) ከሚቀጥለው ጋር እያስተያየ የተለወጡትን ፒክስሎች፣ ማለትም የምስሉን ጥቃቅን ነጥቦች፣ ይቆጥራል። ብዙ ከተለወጠ ብዙ እንቅስቃሴ አለ ማለት ነው። ማን እንደተንቀሳቀሰ ግን አይጠይቅም።

እኛ የመረጥነው የጥብስ ቅጠል (ሮዝመሪ) ነበር። ሮዝመሪ ያነቃል ሲባል ሰምተን ዘይቱን ጥጥ ላይ ጠብ አድርገን ጥግ አስቀመጥን። ሰዓቱ አምስት ተኩል፣ ቀኑ ረቡዕ። ክፍሉ ወዲያው ሥጋ ቤት ሸተተ። ከኋላ አንዱ «ኧረ በጾም ቀን!» ሲል ሳቅ ሆነ። ሌላዋ ተነስታ መስኮት ከፈተች። ግራፉ ሽቅብ ተተኮሰ፤ እኛም ጮቤ ረገጥን። ማታ ቪዲዮውን ስናየው ከሁሉም በላይ የተንቀሳቀሰችው መጋረጃዋ ነበረች።

መብራቱም ጉድ ሠርቶናል። የኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ አሮጌ ፍሎረሰንት በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። በሰከንድ 30 ፍሬም ስንቀርጽ ባዶ ግድግዳ ሳይቀር «ተንቀሳቀሰ»። 25 ላይ አድርጉት፤ 100 ለ25 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ይረጋጋል።

አሁን እንደ ኦፕንፖዝ ያሉ ፕሮግራሞች አንገትን፣ ትከሻንና እጅን ለየብቻ ይከተላሉ። መጋረጃ አያታልላቸውም። እንቅልፍ ግን ያታልላቸዋል። በዚያ ቪዲዮ ላይ እምብዛም ያልተነቃነቁ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዷ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳትነቅል ታዳምጣለች። ሌላው አገጩን በመዳፉ ደግፎ ለጥ ብሏል። ኮምፒውተሩ ላይ የእንቅስቃሴ ቁጥራቸው እኩል ነው። ስለዚህ ከግራፉ ጎን ተማሪዎቹን የሚያይ ሰው አስቀምጡ፣ ከክፍለ ጊዜው በኋላም ስለ ትምህርቱ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ።

አፍንጫም ቶሎ ይለምዳል። ቡና ሲቆላ ከደጅ የጠራችሁ ሽታ ትንሽ ከተቀመጣችሁ በኋላ የት ገባ? ስለዚህ ከሰዓቱ ሁሉ ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች በደንብ እዩ። ሽታው መጋረጃና ልብስ ላይ ስለሚያድር (አሁንም መጋረጃ!) ባለ ሽታውንና ያለ ሽታውን በአንድ ቀን አታድርጉ። አንዱ ክፍል ሽታ ባለበት ቀን ከጀመረ ሌላው ሽታ በሌለበት ይጀምር።

ደግሞ ሽታ ትዝታ ይቀሰቅሳል። ዕጣን ለአንዱ የበዓል ቡና ነው፣ ለሌላው ፍታት። አስም ያለበት ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። መቀረጽ የማይፈልግም ቅር ሳይለው ይውጣ። ይሄ ለወረቀት ማሟያ አይደለም።

ልጅቷ ትናንት ያለ ካሜራ መጣች። «ሽታ የሌለበትን ቀን ልይ» ብላ ደብተሯን ይዛ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከመስኮቱ ማዶ ጀበና የጣደችው ሴት ቡና መቁላት ጀመረች። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ሰዓቱን ጻፈች።