«ደጋግሞ ማስነሳት ነዳጅ ይበላል» እውነት ነውን?

ጥያቄ፦ ጅማ መናኸሪያ አጠገብ ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ሚኒባሶች ሰው እስኪሞላ ሞተር ሳያጠፉ ስለሚቆሙ ጭሱ ስኒዎቼ ላይ ጥቀርሻ ይጥላል፤ አጠገቤ የሚውለውን ልጄንም ያስለዋል። «አጥፉት» ስላቸው «ደጋግሞ ማስነሳት ነዳጅ ይበላል» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እናቴ። የሞቀ ሞተር ለመነሳት የሚፈጀው ነዳጅ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ) ለ10 ሰከንድ ያህል ቆሞ ከሚያቃጥለው አይበልጥም፤ ስለዚህ ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚቆም ሾፌር ቢያጠፋ ያተርፋል። ብዙ ጊዜ እውነተኛው ምክንያት ባትሪው ደክሞ ወይም ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው መሣሪያ) ተበላሽቶ «ካጠፋሁት አይነሳልኝም» የሚለው ስጋት ነው፤ የዚያ መፍትሔ ደግሞ ያለው ጋራዥ ነው።

የናፍጣ ጭስን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል። ሳንባ ውስጥ ጠልቀው የሚገቡት ብናኞች ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱ በመሆናቸው አፍንጫን በነጠላ ጫፍ መሸፈን አያስቀራቸውም፤ የሕፃን ሳንባ ደግሞ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳል።

ለፍትሕ ያህል፣ ጭነት ይዞ ረጅም ዳገት የወጣ ባለቱርቦ መኪና ቱርቦው (ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው መሣሪያ) እስኪበርድ አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይጠፋ ቢቆይ አይወቀስም። ሰው የሚጠብቅ ሚኒባስ ግን ይህ ምክንያት የለውም። ከሾፌሮቹ ይልቅ ተራ አስከባሪውን ያነጋግሩ፤ ሞልቶ ሊወጣ የደረሰው ብቻ ሞተር እንዲያስነሳ ቢያደርግ ይበቃል። እስከዚያው ረከቦትዎንና የልጁን መቀመጫ ከጭስ ማውጫው አቅጣጫ ያርቁ።